የተሰረቀ ስም እንደምን ይመለሳል

ገንዘብ የተሰረቀበት ሰው ጉዳቱን የሚያውቀው ሣጥኑን በከፈተ ጊዜ ነው። ስሙ የተሰረቀበት ሰው ግን ሣጥኑ እንደ ሞላ፥ በሩም እንደ ተዘጋ ምንም ሳያውቅ ብዙ ወራት ይቀመጣል፤ የሚያውቀውም ለሥራው ብድር በጠየቀ ቀን ነው።

በቀድሞ ዘመን ማኅተም ጠባቂው ታማኝ ያልሆነ እንደ ሆነ ጌታውን ካላወቀው ዕዳ ያገባው ነበር። ዛሬ ለብዙ ሰው ማኅተሙ የእጅ ስልኩ ሆኗል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ ይላካል፤ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህም በዚያው በስልክ ብድር ይወሰዳል። ይህ ለሥራ ታላቅ ምቾት ነው፤ ዳሩ ግን የምሥጢር ቁጥር ያወቀ ሌባ የባለቤቱን ስም እንደ ካባ ደርቦ ሊበደርበት ይችላል።

ነገሩ እንዲገለጥ አንድ ምሳሌ እናስብ። በአርባ ምንጭ ከተማ ሙዝ ከገበሬ እየገዛች ወደ አዲስ አበባ ለሚጭኑ ነጋዴዎች የምትሸጥ አንዲት እመቤት አለች እንበል። አንድ ቀን የማታውቀው ሰው ደውሎ፥ «ዕጣ ወጥቶልሻል፤ አሁን በስልክሽ የገባውን ቁጥር ንገሪኝ» ይላታል፤ እርሷም በደስታ ትነግረዋለች። ከጥቂት ወራት በኋላ ብድር ብትጠይቅ፥ «ያልከፈልሽው ዕዳ አለብሽ» ይሏታል። ይህን የሰማ ባሏም፥ «ገንዘቡን ለማን ሰጠሽው?» ብሎ ይጠይቃታል። እንግዲህ ሌባው የወሰደው ብር ብቻ አይደለም፤ በባንክም በትዳሯም የነበራትን መታመን ነው።

በዚህ ጊዜ ከሐፍረት የተነሣ ዝም የሚል፥ ወይም ዕዳውን በስውር ከፍሎ ለመገላገል የሚያስብ ሰው ይኖራል። እኛ ግን ይህ ትልቅ ስሕተት ነው እንላለን። ያልተበደሩትን ዝም ብሎ መክፈል ዕዳውን እንደ ማመን ሊቆጠር ይችላልና።

በዚህ ነገር ከጋሞ ሕዝብ ልማድ የምንማረው አለ። በጋሞ ደጋ በደል የደረሰበት ሰው ነገሩን በዱቡሻ፥ ይኸውም በሕዝብ መሰብሰቢያው አደባባይ፥ በሽማግሎች ፊት ይናገራል። የጋሞ ሽማግሎች በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ እርጥብ ሣር ይዘው ለበቀል በተነሡ ወጣቶች ፊት ተንበርክከው ቁጣቸውን እንዳበረዱ የታወቀ ነው። በሽማግሎች ፊት የተነገረ እውነት በጎረቤት ዘንድ ስምን ያጠራል፤ ባልንም ከሚስቱ ጋራ ያስታርቃል። የባንክ መዝገብ ግን በቃል አይፋቅምና፥ በወረቀት የጠፋውን ስም በወረቀት መመለስ ያስፈልጋል።

መንገዱም ይህ ነው። መጀመሪያ፥ ነገሩ በታወቀበት ሰዓት ለባንኩና ለስልክ ድርጅቱ ነግሮ ሒሳቡን ማሳገድ፥ የምሥጢር ቁጥሩንም መለወጥ።

ሁለተኛ፥ ለፖሊስ አመልክቶ፥ ያመለከቱበትን ማስረጃ በጽሑፍ መቀበል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 11 የሌላውን ሰው የኤሌክትሮኒክ ማንነት ያለ ፈቃዱ የሚይዘውን ወይም የሚያስተላልፈውን ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ወይም ከ50,000 ብር በማይበልጥ መቀጮ ይቀጣል።

ሦስተኛ፥ ለአበዳሪው «ይህን ብድር አልወሰድሁም» ብሎ በጽሑፍ ማመልከት፤ ብድሩ በየትኛው ቀንና በየትኛው ስልክ ቁጥር እንደ ተወሰደ፥ ገንዘቡም ወደ ማን ሒሳብ እንደ ሄደ እንዲገለጥ መጠየቅ።

አራተኛ፥ አበዳሪዎች የተበዳሪን ታሪክ ወደ ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ስለሚልኩ፥ ስሕተቱ በአበዳሪው ቤት ብቻ ሳይሆን በዚያም እንዲታረም ማሳሰብ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን የተሳሳተ መረጃ የማሳረም መብት ሰጥቶታል።

ከመዝገብ ጋራ የምንውል ሰዎች እንደ መሆናችን አንድ ነገር እንጨምራለን። የእያንዳንዱ ደብዳቤ ቅጂ የገቢ ማኅተምና ቀን ተመትቶበት በቤት ይቀመጥ። እውነት ማስረጃ ሲያጣ በመዝገብ ቤት ይዘገያልና።

ለሚመጣውም ጊዜ መጠንቀቅ ይገባል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የጸናው የፋይዳ መታወቂያ የ10 ጣቶችን አሻራ፥ ዓይንንና ፊትን ስለሚመዘግብ የሌላውን ስም መዋስ አስቸጋሪ ይሆናል። ነገር ግን በገዛ አፋችን የነገርነውን የምሥጢር ቁጥር አሻራ አይጠብቀውም። ለወዳጅም ቢሆን በመታወቂያችን ሲም ካርድ ማውጣት አይገባም፤ ይህንንም ለልጆቻችንና ለሽማግሌ ወላጆቻችን ደጋግመን እንንገር።

በመጨረሻም በወንበር ለተቀመጥን ሁሉ አንድ አደራ አለ። ስሙ የተሰረቀበት ሰው በፊታችን በቆመ ጊዜ እንደ ዕዳ ካጅ ሳይሆን እንደ ተበደለ ሰው እንቀበለው። ባልም ሚስቱን ከመውቀሱ አስቀድሞ አብሯት ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይሂድ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ በሕይወት ላለ ሰውማ ስሙ እንጀራው ነው።