የማኅበራችሁን የካምፒንግ ሥራ ለባለሀብት ከማቅረባችሁ በፊት



የደንዲና የወንጪ ሐይቆች ብዙ ጎብኚ ይስባሉ። በወንጪ አርሶ አደሮች በማኅበር ተደራጅተው ፈረስ በማከራየት፣ በማስጎብኘትና በጀልባ በማሻገር ገቢ ሲያገኙ ቆይተዋል። የዓለም ቱሪዝም ድርጅትም በ2014 ዓ.ም. ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አድርጎ መርጧታል። እናንተም በማኅበር ሆናችሁ እንግዶች በድንኳን የሚያድሩበት ቦታ ለማዘጋጀት ገንዘብ የሚያወጣ አጋር ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ የሚከተሉትን አሟሉ።

1. የሥራ ክፍፍል አውጡ። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ስለሚበዛ ለካምፒንግ የሚመቸው ከጥቅምት በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ግን የአጨዳና የውቂያ ወቅትም ናቸው። ማን እንግዳ እንደሚቀበል፣ ማን እንደሚያጭድ፣ የትኛው ፈረስ ለእንግዳ፣ የትኛው ለነዶ እንደሚሆን ተራ አውጡ። እንግዳ መጥቶ የሚቀበለው ሰው ከጠፋ ኪሳራው የባለሀብቱም ነው።

2. ገቢውን ዝቅ አድርጋችሁ አስሉ። ለምሳሌ 8 ድንኳን ለ60 ሌሊት ቢከራይ 480 አዳር ይሆናል። ግማሹ ብቻ ቢያዝ 240 ነው። የአንድ አዳር ዋጋችሁን በ240 አባዙና የጥበቃ፣ የውኃ፣ የጽዳትና የጥገና ወጪ ቀንሱ። በዚህ ስሌት ትርፍ ከሌለ ዕቅዱን አሻሽሉ።

3. የምትሰጡትንና የማትሰጡትን ለዩ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ ይዞታችሁን እንደ አክሲዮን አታቅርቡ። መሬት ማከራየትም በጊዜና በመጠን የተገደበ ስለሆነ ከመፈረማችሁ በፊት የወረዳውን የመሬት ጽሕፈት ቤት አማክሩ። ባለሀብቱ የድንኳን፣ የፍራሽና የመጸዳጃ ቤት ወጪ ሊሸፍን ይችላል፤ ማኅበሩ ደግሞ ጉልበትና ፈረስ ያቀርባል።

4. ውሉን በጽሑፍ አድርጉ። የትርፍ ክፍፍሉ፣ የውሉ ዘመንና ውሉ ሲያበቃ ንብረቱ የማን እንደሚሆን በግልጽ ይስፈር። ውሉ ለአባላት በአፋን ኦሮሞ ይነበብላቸው። በኅብረት ሥራ ማኅበር አንድ አባል አንድ ድምፅ ስላለው ጉዳዩ በጠቅላላ ጉባኤ ይወሰን እንጂ በሊቀመንበሩ ፊርማ ብቻ አይለቅ።

ከሁሉ በፊት አንድ ወቅት በ2 ድንኳን ሞክሩ። ስንት እንግዳ እንዳደረ፣ ምን እንደከፈለና ምን ወጪ እንደወጣ በየቀኑ በደብተር መዝግቡ። ከባለሀብት ጋር ስትቀመጡ ያ ደብተር ዋናው የመደራደሪያ አቅማችሁ ነው።