ዘመናዊ ኩዊልት

ዘመናዊ ኩዊልት ከጨርቅ ቁርጥራጮች ተገጣጥሞ የሚሰፋ፣ ሲተኙ የሚለበስ ወይም ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ብርድ ልብስ ነው። ማንኛውም ኩዊልት ሦስት ድርብ አለው፦ ከላይ የተገጣጠመው ገጽ፣ በመካከል ጥጥ ወይም ሌላ ሙቀት የሚይዝ ነገር፣ ከታች ገበር። ሦስቱም እንዳይንሸራተቱ ከዳር እስከ ዳር አብረው ይሰፋሉ። የሚቀርበው የአማርኛ ቃል «ድሪቶ» ነው፤ ድሪቶ ግን ችግርን የሚያስታውስ ስም ስለሆነ ለዐውደ ርዕይ ሥራ አይመችም። ቢሆንም የኩዊልት ታሪክ ከዚያ ችግር የራቀ አይደለም።

በቀድሞው የአሜሪካ ኩዊልት በብዛት አንድ ዓይነት ቅርጽ በረድፍ ይደጋገማል። ዘመናዊው ግን ደማቅ ነጠላ ቀለሞችን፣ ሰፊ ባዶ ቦታንና ያለ ማስመሪያ የተቆረጡ መስመሮችን ይወዳል። ባዶ በሚመስለው ቦታ ላይ የስፌቱ መስመር ራሱ ሥዕል ይሆናል። ይህን ፎቶግራፍ በደንብ አያሳይም፤ ቀርቦ ማየት ያስፈልጋል። መንካት ስለማይፈቀድ በብዙ ትርኢቶች ነጭ ጓንት ያጠለቁ በጎ ፈቃደኞች ጫፉን ገልጠው ጀርባውን ለጎብኚ ያሳያሉ። «ሞደርን ኩዊልት ጊልድ» የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2009 በሎስ አንጀለስ ተጀመረ፤ «ኩዊልትኮን» የተሰኘውን ትርኢቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በ2013 በኦስቲን፣ ቴክሳስ አካሄደ።

ጂዝ ቤንድ

«ዘመናዊ» የሚባለው መልክ ግን ከማኅበሩ በብዙ ዓመታት ይቀድማል። የአላባማ ወንዝ በሚታጠፍበት ቦታ በምትገኘው ጂዝ ቤንድ የተባለች የጥቁር አሜሪካውያን መንደር፣ ሴቶች ያረጀ የሥራ ልብስ እየቀደዱ ኩዊልት ይሰፉ ነበር። የሚሰፉት ብርድ በሚያስገቡ የእንጨት ቤቶች ውስጥ ቤተሰባቸውን ለማሞቅ ነበር። በአንዳንዶቹ ሥራዎች ላይ ከጂንስ ሱሪ ኪስ የተነሣበት ቦታ ሳይለቅ ጠቆር ብሎ ይታያል። አኒ ሜይ ያንግ በ1976 የሠሩት ኩዊልት መካከሉ ደማቅ የጨርቅ ጥብጣብ፣ ዙሪያው ያረጀ የሥራ ልብስ ነው።

ነዋሪዎቹ ለመምረጥ መብታቸው በሚታገሉበት ጊዜ፣ በ1962፣ ወደ ከተማ የሚያሻግራቸው ጀልባ ተቋረጠ። አገልግሎቱ የተመለሰው በ2006 ነው።

የኒው ዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም በ1971 ኩዊልቶችን እንደ ረቂቅ ሥዕል ግድግዳ ላይ ሲሰቅል የአብዛኞቹ ሰፊዎች ስም አይታወቅም ነበር። በ2002 በሂውስተን ተከፍቶ በዚያው ዓመት ወደ ዊትኒ የሄደው የጂዝ ቤንድ ዐውደ ርዕይ ግን የሰፊዎቹን ስም ይዞ ቀረበ። ብዙ የዘመናዊ ኩዊልት ሠሪዎችም ትምህርት የወሰዱት ከእነዚህ ሥራዎች ነው። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት አሥሩን በቴምብር ላይ አተመ። በዓመቱ ግን ከሰፊዎቹ ጥቂቶቹ ከሥራቸው ሽያጭና አጠቃቀም የሚገባቸውን አላገኘንም ብለው ክስ አቀረቡ፤ ክሱ በ2008 እልባት አገኘ።