ስለ ተከታታይ ድራማ፥ ስለ ሽልማትና ስለ ሕይወት ታሪክ ፊልም

በመኝታ ክፍሎቻችን ከፈተናና ከምግብ ቀጥሎ ብዙ ክርክር የሚነሣበት ነገር ቢኖር የቴሌቪዥን ድራማ ነው። አንዱ የአገራችንን ድራማ ሲያወድስ ሁለተኛው የቱርክን ያነሣል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሽልማት ያላገኘ ሁሉ ዋጋ የለውም ብሎ ይደመድማል። ክርክሩ ጩኸት ስለሚበዛበት ግን ከፍሬው ሳይደረስ መብራት ይጠፋል። ስለዚህ እኛ ነገሩን ስንከታተል የቆየን ጥቂት ጓደኛሞች ሐሳባችንን በዚህ መጽሔት ላይ ረጋ ብለን ለማስረዳት አሰብን።

ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛ፥ ተከታታይ ድራማ ሰውን የሚይዘው በምን ኀይል ነው? ሁለተኛ፥ ሽልማት የሚመሰክረው ስለ ምንድን ነው? ሦስተኛ፥ የአንድ ሰው ሕይወት ፊልም ሲሆን የታሪኩ ባለቤት ማን ነው? ይህ ሦስተኛው ጥያቄ የመጣብን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመሸንቲ ስለሆነ በመጨረሻ እንደርስበታለን።

አንደኛ፤ ድራማው ሰውን የሚይዝበት ብልሃት

ቴአትር በአንድ ምሽት ተጀምሮ በዚያው ምሽት ያልቃል፤ ተመልካቹም ከአዳራሹ ሲወጣ ነገሩን ጨርሶ ይወጣል። ተከታታይ ድራማ ግን ጠባዩ ሌላ ነው፤ እንደ ጎረቤት በየሳምንቱ እየመጣ ከቤተ ሰቡ ጋር ይቀመጣል። በቤቱ ልጅ ይወለዳል፥ ዘመድ ይሞታል፥ ተማሪው ከክፍል ወደ ክፍል ያልፋል፤ ድራማው ግን አለ። በዚህም ላይ ደራሲው ነገሩ ከሚጠነክርበት ቦታ ሲደርስ ልብ አንጠልጥሎ ያቆመዋልና የቀረውን የሚጽፈው ተመልካቹ ራሱ ነው። በቡና ላይ፥ በሥራ ቦታ፥ በመኝታ ክፍል «ይሆናል፥ አይሆንም» እየተባለ ሳምንቱ ይሞላል። እንግዲህ የድራማው ግማሽ የሚሠራው ከቴሌቪዥኑ ውጭ ነው ማለት ነው።

ይህን ኀይል ለትምህርት እንዲያገለግል አድርጎ ካዋሉት ሰዎች አንዱ የሜክሲኮው ተወላጅ ሚጌል ሳቢዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ማንበብና መጻፍ ስለሚማሩ ጐልማሶች አንድ ተከታታይ ድራማ አዘጋጅቶ ብዙ ሰው ለትምህርት እንዲመዘገብ አድርጎአል። ዘዴው ባለታሪኮችን በሦስት ይከፍላል፤ ይኸውም መልካሙን የሚሠራ፥ ክፉውን የሚሠራ፥ በሁለቱ መካከል የሚዋልል። ተመልካቹ ራሱን የሚያየው በሦስተኛው ውስጥ ነው፤ እሱ ሲወድቅና ሲነሣ ተመልካቹም አብሮ ይወድቃል፥ ይነሣል። በአገራችንም ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በሬድዮ ያሰማው «የቀን ቅኝት» በዚሁ ዘዴ የተሠራ ሲሆን፥ ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ጠለፋ ጋብቻ ብዙ ሕዝብ እንዲነጋገር አድርጎ ነበር።

በቴሌቪዥን ከታዩት የአገራችን ድራማዎች የአዳነች ወልደገብርኤል «ገመና»፥ «ሰው ለሰው» እና «ዳና» ብዙ ተመልካች ያፈሩ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ በሕዝብ አፍ ውስጥ የቀረው ስም በ«ሰው ለሰው» አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ነው። አስናቀ ክፉ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም፤ ዳሩ ግን ተመልካቹ የሚጠብቀው እሱን ነበር። ይህ ለምን ሆነ? በእኛ አስተያየት መልካሞቹ ሰዎች ከሚያደርጉት ይልቅ የሚደርስባቸው ይበዛ ስለ ነበር ነው። እነሱ ሲያለቅሱ እሱ ያቅድ ነበር። ተመልካች ደግሞ ከሚያለቅስ ይልቅ የሚያቅደውን ይከተላል። ስለዚህ ጉድለቱ የተዋናዩ ችሎታ መብዛት ሳይሆን፥ የደራስያን ብዕር ለመልካም ሰው ሥራ አለመስጠቱ ነው። መልካምነት እንባ ብቻ ከሆነ ማን ይመኘዋል?

በ2008 ዓ.ም. ካና የተባለው ቴሌቪዥን የቱርክንና የሌሎችን አገሮች ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ እያቀረበ ሲመጣ ከኪነ ጥበብ ሰዎች ብርቱ ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። ስጋታቸው ከንቱ አልነበረም፤ በውጭ አገር ወጪው የተሸፈነ ሥራ ድምፁ ብቻ ተለውጦ ሲመጣ፥ ከዜሮ ተነሥቶ ከሚሠራው የአገር ድራማ ጋር በገበያ እኩል አይቆምም። ይሁን እንጂ ተመልካቹን መውቀስ መልስ አይሆንም። በመሸንቲ አንድ ቡና ቤት ተቀምጠን እንዳየነው፥ ያው ሰው የቱርኩን አይቶ ሲያበቃ ስለ አገሩ ድራማ ያወራል። ያወራውም በቱርኩ ውስጥ የማያገኘውን ነገር ነው፤ የሽምግልናውን ወግ፥ የአማቱን አነጋገር፥ የለቅሶውን ሥርዓት። የእኛ ድራማ ሊወዳደር የሚችለው በዚህ እንጂ በመኪናና በቪላ አይደለም።

ሁለተኛ፤ ሽልማት ምን ይመሰክራል?

ሽልማት ሁሉ አንድ ዓይነት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን «ማን ሰጠው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢያንስ ሦስት ዓይነት ያገኛል።

የመጀመሪያው በዳኞች የሚሰጥ ነው። በ2006 ዓ.ም. በዮናስ ብርሃነ መዋ የተጀመረው የጉማ ሽልማት ስሙን ያገኘው ሚሼል ፓፓታኪስ ካዘጋጀው ከጥንቱ ፊልም ከ«ጉማ» ነው፤ ጉማ ማለትም በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ደም የሚደርቅበት የካሣና የዕርቅ ሥርዓት ነው። የዚህ ዓይነት ሽልማት ጥቅሙ ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች ተመልካች የማያየውን ጭምር ማየታቸው ነው፤ የመብራቱን አጣጣል፥ የድምፁን ጥራት፥ የአርትዖቱን ፍጥነት። ሁለተኛው በሕዝብ ድምፅ የሚሰጥ ነው፤ እንደ ለዛ የሬድዮ ፕሮግራም ሽልማት ያለው ማለት ነው። ይህ ስለ ፍቅር ይመሰክራል፤ ስለ ሙያ ግን ሁልጊዜ አይመሰክርም። ሦስተኛው ጣቢያው ራሱ ለራሱ የሚሰጠው ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ የጀመረውና ድራማውን በካንቶን ቋንቋ የሚያቀርበው የሆንግ ኮንጉ ቲቪቢ፥ በየዓመቱ የምሥረታ በዓሉን ምክንያት አድርጎ ለገዛ ድራማዎቹና ለገዛ ተዋንያኑ ሽልማት ይሰጣል። ለተመልካቹ ታላቅ የደስታ ምሽት ነው፤ ነገር ግን አባት ከልጆቹ መካከል አንዱን ሲያመሰግን ጎረቤት ሁሉ አጨበጨበ እንደ ማለት ነው፤ ስለ ጎረቤት ልጆች የሚነግረን የለም።

ወደ እኛ ሐይቅ ዳር እንመለስ። የጐንደር ተወላጁ ኀይሌ ገሪማ የሠራው «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማት፥ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮን የወርቅ ፈረስ አግኝቶአል። ታሪኩ በጀርመን አገር ተምሮ፥ አካሉ ጐድሎና ትዝታው ተናግቶ ወደ ጣና ዳር መንደሩ ስለሚመለስ አንድ ምሁር ነው። እንግዲህ ስለ ማን ነው ይህ ፊልም? ስለ እኛ አይደለምን? ነገር ግን በመኝታ ክፍላችን እጅ ስናስቆጥር ሽልማቱን የሰማው ብዙ፥ ፊልሙን ያየው ሁለት ሰው ብቻ ሆኖ ተገኘ። ያላዩትን ፊልም በሽልማቱ ብቻ መኩራት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ሽልማት የሚጠቅመው ሰውን ወደ ሥራው ሲመራ እንጂ የሥራው ምትክ ሲሆን አይደለም።

ሦስተኛ፤ የአንድ ሰው ሕይወት የማን ነው?

የሕይወት ታሪክ ፊልም ከሌላው ፊልም የሚለየው አንድ ትልቅ ዕዳ ተሸክሞ ስለሚነሣ ነው። ደራሲው ባለታሪኩን ከራሱ አእምሮ ቢፈጥረው እንደ ወደደ ሊገድለውና ሊያድነው ይችላል። በእውነት የኖረ ሰው ግን ከፊልሙ በፊት የራሱ ሕይወት ነበረው። ከአገራችን ሦስት ምሳሌ እናቅርብ።

በመጀመሪያው ባለቤቱ ራሱ አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ለሕዝብ የቀረበው ስለ ኀይሌ ገብረ ሥላሴ የተሠራው «ኢንዱራንስ» የተባለው ፊልም ኀይሌን የሚያሳየው በኀይሌ በራሱ ነው፤ ከዘመዶቹም የተጫወቱበት አሉ። እዚህ ላይ የፈቃድ ጥያቄ አይነሣም፤ ነገር ግን ሰው ስለ ራሱ ሲጫወት ድክመቱን ምን ያህል ያሳያል የሚል ጥያቄ ይቀራል።

በሁለተኛው ባለቤቱ በሕይወት የለም። ራሴላስ ላቀውና ዴቪ ፍራንክል እ.ኤ.አ. በ2009 ያቀረቡት «አትሌቱ» ስለ አበበ ቢቂላ ነው፤ አበበንም የሚጫወተው ራሴላስ ነው። አበበ በጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ በባዶ እግሩ እንዳሸነፈ፥ በ1957 ዓ.ም. ማለትም ቴሌቪዥን ወደ አገራችን በገባበት ዓመት በቶኪዮ እንደ ደገመው ሁሉም ያውቃል። የፊልሙ ጥበብ ግን ከዚህ ድል ላይ አለመቆሙ ነው። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሩ ከከዳው በኋላ ያለውን አበበን ይከተላል፤ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት የወረወረውን፥ በኖርዌይ በረዶ ላይ የተወዳደረውን አበበን። የድሮው የኦሊምፒክ ፊልም ከአዲሱ ትወና ጋር ስለ ተሰፋ፥ ተመልካቹ እውነተኛውን ሰውና ተዋናዩን ጎን ለጎን አይቶ ይፈርዳል። ይህ ታማኝነት ነው።

ሦስተኛው «ድፍረት» ነው። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ያዘጋጀው ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቶአል። ታሪኩ በአርሲ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች፥ ጠላፊዋን ገድላ ያመለጠች የ14 ዓመት ልጅና የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለእሷ የቆመበት ክርክር ነው። ያን ጊዜ በሥራ ላይ በነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ ተጠላፊዋን ካገባ ከቅጣት የሚድንበት መንገድ ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ ይህን አስቀርቶታል። የፊልሙ ስም ጀግንነትንም መደፈርንም ባንድ ቃል የያዘ ስለሆነ ከዚህ የተሻለ ስም ሊገኝለት አይችልም ነበር።

ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ፥ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩት ማለት ነው፥ በፊልሙ ውስጥ በገዛ ስማቸው ቀርበዋል፤ የተጫወተችውም በ«ዳና» የምናውቃት ሜሮን ጌትነት ናት። ልጅቱ ግን «ሂሩት» ተብላለች። ስም መለወጡ ለጥበቃ ሊሆን ይችላል፤ እኛም እዚህ ስሟን አናነሣም። ነገር ግን በነሐሴ 2006 ዓ.ም. መጨረሻ ፊልሙ በአዲስ አበባ በብሔራዊ ቴአትር ሊታይ ተመልካቹ ከተሰበሰበ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቆመ፤ የታሪኩ ባለቤት ፈቃዴ አልተጠየቀም ብላ ከስሳ ነበርና። ነገሩ በስምምነት ካለቀ በኋላ ፊልሙ ታይቶአል። ፊልሙ መልካም ነው፤ ዓላማውም ቅዱስ ነው። ግን አንዲት ሴት ያለ ፈቃዷ ስለ ተወሰደች የሚያለቅስ ሥራ፥ የእሷን ፈቃድ ጉዳይ በፍርድ ቤት ሊነገረው ባልተገባ ነበር።

ከመሸንቲ የመጣው ነገር

ይህን ሁሉ የምንለው እኛ ንጹሓን ስለሆንን አይደለም። ለማኅበራችን የመዝናኛ ምሽት ውድድር አጭር ተውኔት ጽፈን ነበር። ባለታሪኳ በመሸንቲ መንገድ ዳር ቡና የሚያፈሉ እናት ናቸው። ከመካከላችን አንዱ ሚኒባስ ሲጠብቅ፥ በልጅነታቸው ሊድሯቸው ሲሉ በሌሊት በእግራቸው እንደ ጠፉ ከአፋቸው ሰምቶ ነበር። ስማቸውን ለወጥን፤ በዚህም ራሳችንን ብልህ አደረግን። ከሁሉ የሚያምረው ትርኢት አባታቸው በዱላ ሲያሳድዷቸው የሚያሳየው ነበር።

ስለ «ድፍረት» ክርክር ከተነጋገርን በኋላ ግን ጽሑፉ በእጃችን ላይ ከበደ። ቅዳሜ ቀን ሄደን «እትዬ፥ ይህን እናንብብልዎት» አልናቸው። ቡናቸውን እየቆሉ ሰሙን። ከአባትየው ትርኢት ስንደርስ ማንከሽከሻውን አወረዱና ዝም አሉ። በኋላም አባታቸው ከብዙ ዓመት በኋላ ፈልገው እንደ መጡ፥ ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ እንደ ጠየቋቸው፥ በእሳቸውም ቤት እንደ ሞቱ ነገሩን። «ልጆቼ፥ ግማሹን ሰምታችሁ ነው የሄዳችሁት» አሉን።

ትርኢቱን አወጣን፤ በእሳቸው ፈቃድ የድንጋዩን አስገባን። ዱላ የሌለበት ተውኔት ጭብጨባው ቀነሰ፥ ሽልማቱም ለሌሎች ሆነ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አጣፍተው መጥተው ከፊት ተቀምጠው ነበር፤ ሲያልቅም ተዋናዩ ድንጋዩን የተሸከመው በእጁ ስለ ነበር «በትከሻ ነው» ብለው አረሙን።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፥ ብዙዎቻችን ነገ ጸሐፊዎች፥ ጋዜጠኞች፥ የድራማ ሰዎች ልንሆን ነው። የሰው ሕይወት ልንጽፍ ስንነሣ አስቀድመን እንጠይቅ፤ ጽፈን ስንጨርስ ለባለቤቱ እናንብብ፤ ከሥራው የሚገኘው ክብርም ሆነ ገንዘብ ለባለቤቱ ጭምር ይድረስ። የተለየ አስተያየት ያለው አንባቢ በሚቀጥለው እትም ቢመልስልን ደስታችን ነው፤ መብራት እስኪጠፋ ከመጮህ ይሻላልና።