ፍየሏ ለሕክምና ከመሸጧ በፊት



በዚህ አምድ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ምን እንብላ፣ ከምንስ እንጠንቀቅ የሚለውን ነው። ዛሬ ግን ሕመም ቤት ከገባ በኋላ ብቻ ስለሚወራ አንድ ጉዳይ እንነጋገራለን። እርሱም ሳይታሰብ የሚመጣ የሕክምና ወጪ ነው። ለምሳሌነት ሰቆጣንና የዋግ ኽምራን አካባቢ መርጠናል፤ ምክሩ ግን ደሴም አዲስ አበባም ላለ አንባቢ ይጠቅማል።

ከደሃና እስከ አበርገሌ፣ ከጋዝጊብላ እስከ ዝቋላና ሰሃላ ያለው ሕዝብ የሚኖረው በተራራና በሸለቆ በተከፋፈለ አገር ነው። የብዙው ቤተሰብ የክፉ ቀን መጠባበቂያም በረት ውስጥ ያለችው ፍየል ናት። ሰው ሲታመም መጀመሪያ የምትነካው እርሷ ነች። በጥድፊያ የወጣ ከብት ደግሞ ዋጋው አይገኝለትም፤ ገዢው የሻጩን ጭንቀት አይቶ ነው ዋጋ የሚጠራው። ከፍየሏ ጋር ወተቷም፣ የሚመጣው ዓመት ግልገሏም አብሮ ይሄዳል። ሕመምተኛው ድኖ ሲመለስ ቤቱ ታሞ ይጠብቀዋል።

ችግሩ የአንድ አካባቢ ብቻ አይደለም። የ2009 በጀት ዓመትን የተመለከተው ብሔራዊ የጤና ወጪ ጥናት እንዳሳየው፣ በአገራችን ለጤና ከዋለው ገንዘብ ወደ ሲሶ የሚጠጋው በቀጥታ ከታካሚው ኪስ የወጣ ነበር። ታዲያ ከዚህ ወጪ ውስጥ የማይቀር አለ፤ ሊቀር የሚችልም አለ። ሊቀር የሚችለው አብዛኛው የሚወሰነው ጤነኛ ሳለን በምናደርገው ነገር ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

1. የማይከፈልበትን ይወቁ

በመንግሥት ጤና ተቋማት ለማንኛውም ሰው በነፃ እንዲሰጡ የተወሰኑ አገልግሎቶች አሉ። የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድና የድኅረ ወሊድ ክትትል፣ የሕፃናት ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና መድኃኒት፣ የሥጋ ደዌ ሕክምና፣ የኤች አይ ቪ ምርመራና መድኃኒት ከእነዚህ መካከል ናቸው። የወባ መድኃኒትም በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል።

ይህን ባለማወቅ ስንቱ ከስሯል! ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለው ሰው ከመድኃኒት ቤት የሳል ሽሮፕ እያፈራረቀ ሲገዛ ይከርማል። ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታውን ቢያስመረምር ግን ምርመራውም፣ ነቀርሳ ከተገኘበት ለወራት የሚወስደው መድኃኒትም አያስከፍለውም ነበር። በተከዜ ዳር ቆላ የሚኖር ትኩሳት የያዘው ሰውም እንዲሁ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በጣት ጫፍ ደም ወባ መሆኑን ወይም አለመሆኑን ወዲያውኑ ትነግረዋለች።

ነፍሰ ጡር እናት ካለችዎት ደግሞ የወሊዷን መንገድ ከወዲሁ ያስቡበት። መኪና በማይገባበት ቀበሌ ምጥ በሌሊት ከመጣ የሚቀረው ቃሬዛና የጎረቤት ትከሻ ነው። በብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ቤት አለ። እናቲቱ ቀኗ ሲቃረብ እዚያ ብትቆይ ከድንገተኛ መኪና ኪራይም፣ ከዚያ ከሚብሰው አደጋም ትድናለች።

በነፃ ነው የተባለ አገልግሎት ላይ ክፍያ ከተጠየቁ «ይህ የምን ሒሳብ ነው?» ብለው በትሕትና ይጠይቁ፤ ደረሰኝም ይቀበሉ። መልሱ ካላረካዎት የተቋሙን ኃላፊ፣ ከዚያም የወረዳውን ጤና ጽሕፈት ቤት ማነጋገር መብትዎ ነው።

2. የመድን ካርድ በሕመም ቀን አይወጣም

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአገራችን የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በተመረጡ 13 ወረዳዎች በሙከራ ነበር። ከአማራ ክልል ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በመላ አገሪቱ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1991 ዓ.ም. ሩዋንዳ ተመሳሳይ አሠራር ጀምራ አብዛኛውን ሕዝቧን ለማቀፍ በቅታለች።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ይከፍላል፤ ሲታመም ውል በተገባበት ጤና ተቋም ካርዱን አሳይቶ ይታከማል። ለመክፈል አቅም የሌላቸውን ማኅበረሰቡ ራሱ በቀበሌ ይለያቸዋል፤ መዋጮአቸውንም መንግሥት ይሸፍንላቸዋል። «መድን» የሚለው ቃል የሚያሳስበው አንባቢ ካለ፣ ይህ ባለአክሲዮን የሌለው፣ ትርፍ የማይከፋፈልበት የአባላት መዋጮ መሆኑን ይወቅ። በሃይማኖቱ በኩል ላለው ጥያቄ ደግሞ በአካባቢው የሚገኙ ዑለማእን ቢያማክር ይሻላል።

በወሎ ምድር ቅሬ የሌለው ሰው ማግኘት ይቸግራል። ለሞታችን ቀን በየጊዜው ሳንሰለች እናዋጣለን። በሕይወት ለመቆየት በዓመት አንዴ ማዋጣት ታዲያ ለምን ይከብደናል?

ካርድ እያላቸው ክፍያ የሚጠየቁ ሰዎች ብዙ ናቸው። ምክንያቶቹም በአብዛኛው እነዚህ ናቸው፦

• ካርዱ ሳይታደስ ቀርቷል። ምዝገባና እድሳት የሚካሄደው ብዙ ጊዜ ምርት ከተሰበሰበ በኋላ በተወሰነ ጊዜ ነው። ያ ጊዜ ካለፈ ዓመቱን ሙሉ ሊያመልጥዎ ይችላል። እህሉ ጎተራ ሳይገባ የመድኑን ገንዘብ ለይተው ያስቀምጡ።

• የታመመው ሰው በካርዱ ላይ የለም። አዲስ የተወለደ ልጅ ሳይመዘገብ ይቆያል። 18 ዓመት የሞላው ልጅ ወይም አብሮ የሚኖር ዘመድ ደግሞ ተጨማሪ መዋጮ የሚከፈልበት መሆኑ ይዘነጋል። ዛሬውኑ ካርድዎን አውጥተው የቤተሰብዎን ስም አንድ በአንድ ይዩት።

• ሕክምናው በመድኑ የሚሸፈን አልነበረም። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና የውጭ አገር ሕክምና በመድኑ አይካተቱም።

3. መንገዱን አይዝለሉ

አንድ አባወራ ከደሃና ተነሥቶ ሚስቱን በቀጥታ ሰቆጣ፣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ይዞ መጣ እንበል። ካርዱ ታድሷል፤ ነገር ግን ከጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት አልያዘም። ድንገተኛ ሕመም ካልሆነ በስተቀር እንዲህ ተዘሎ የተመጣ ሕክምና በከፊል ወይም በሙሉ ከኪስ ሊከፈል ይችላል። አባወራው «መድን ውሸት ነው» ብሎ ይመለሳል፤ የጎደለው ግን አንዲት ወረቀት ነበረች።

ከካርዱ ሌላ ማንም የማይሸፍነው ወጪ ደግሞ አለ። የመኪና፣ የአልጋ፣ የአስታማሚው ምግብ፣ የባከነው የሥራ ቀን ሁሉ ከቤት ነው። ጤና ጣቢያ ሊያክም የሚችለውን ሕመም ይዞ ወልድያ፣ ደሴ ወይም ባሕር ዳር ድረስ የሄደ ሰው ከመድኃኒቱ ይልቅ መንገዱ ሊያስከፍለው ይችላል። ስለዚህ ከጤና ጣቢያ ይጀምሩ። ሪፈር ሲጻፍልዎ ማኅተሙንና የተላኩበትን ተቋም ስም ይመልከቱ። የቀድሞ የምርመራ ውጤትዎን በአንድ ፌስታል አጥፈው ይያዙ። አለበለዚያ ያው ምርመራ እንደገና ይታዘዛል፤ እንደገናም ይከፈላል።

4. ያላስፈለገ መርፌ፣ ያላስፈለገ ምርመራ

ብዙዎቻችን መርፌ ካልተወጋን ወይም ጉሉኮስ ካልተሰቀለልን የታከምን አይመስለንም። መዋጥ ለሚችል ሰው ግን በብዙ ሕመሞች ኪኒኑ ከመርፌው እኩል ይሠራል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ጉንፋንን አንቲባዮቲክ አያድነውም። ያለ ትእዛዝ የተገዛ አሞክሲሲሊን ገንዘብ ከማባከኑ ሌላ፣ መድኃኒቱ በሚያስፈልግበት ቀን እንዳይሠራ ያደርጋል።

«ታይፎይድ ነው፣ ታይፈስ ነው» የሚለውን ውጤት የማያውቅ ቤተሰብ ያለ አይመስለንም። ታይፎይድን ለመለየት በየክሊኒኩ የሚሠራው ዊዳል የተባለው የደም ምርመራ፣ ሰውየው ቀድሞ ታሞ ከዳነም በኋላ «አለ» ሊል ይችላል። በአንድ ጊዜ ውጤት ብቻ ተደጋጋሚ መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊት ሐኪሙን እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «ይህ ምርመራ ሕክምናዬን ይለውጠዋል? ባላደርገውስ ምን ይመጣል? ዋጋው ስንት ነው?» ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቆጣም።

5. መድኃኒት ቤቱ በር ላይ

በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በነበረው ጦርነት በዋግ ኽምራ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ተጎድተዋልም። «መድኃኒቱ እዚህ የለም፣ ከውጭ ግዙ» የሚለው ቃል ግን በሰላሙም ጊዜ በብዙ ቦታ የሚሰማ ነው። ለመድን አባል ትልቁ ያልታሰበ ወጪም ይኸው ነው። እንዲህ ሲያጋጥምዎ፦

ሀ) መድኃኒቱ በተቋሙ አለመኖሩ በማዘዣው ላይ እንዲጻፍልዎና ማኅተም እንዲደረግበት ይጠይቁ። ደረሰኝዎን ያስቀምጡና ገንዘቡ የሚመለስበት አሠራር መኖሩን የወረዳውን የመድን ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

ለ) በመድኃኒቱ ስም እንጂ በፋብሪካው መጠሪያ አይግዙ። ፓናዶል ማለት ፓራሲታሞል ነው። ያው መድኃኒት በሌላ ስም ሲጠራ ዋጋው ሊበዛ ይችላል። «የዚህ ዓይነት ርካሹ የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ሐ) ብዙ ዓይነት ከታዘዘልዎና ገንዘቡ ካልበቃዎ በግምት ግማሽ ግማሹን አይግዙ። ወደ ሐኪሙ ተመልሰው የትኛው የግድ እንደሆነ ይጠይቁት።

6. ከጓዳ የሚጀምር ቁጠባ

ሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ሲያውጅ፣ ዓላማው ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ማስወገድ ነበር። ያልተመጣጠነ ምግብ የሚበላ ልጅ ቶሎ ቶሎ ይታመማል፤ ቶሎ ቶሎ የሚታመም ልጅ ያለበት ቤትም ካርድ ክፍል ይመላለሳል። ስለዚህ ይህ ቃል ኪዳን የኪስ ጉዳይም ነው።

«የምግብ ፍላጎት ይከፍታል» የሚባለውን ሽሮፕ ከመግዛት፣ በዚያው ገንዘብ እንቁላል፣ ምስርና ሽምብራ መግዛት ይበልጣል። ሕፃኑ ስድስት ወር እስኪሞላው የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ገንፎው ላይ የጥራጥሬ ዱቄትና ቅቤ ወይም ዘይት ይጨመርበት፤ የፍየል ወተት ካለም ተፈልቶ ይሰጠው። ልጁ ከሳ ብለው ከሠጉ ጤና ኬላ ወስደው ክንዱን ያስለኩት። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ በጽኑ ተጎድቷል ማለት ነው። ፕላምፒ ነት የተባለው አልሚ ምግብም በነፃ ይሰጠዋል። ከገበያ አይግዙት፤ የተሰጠዎትንም አይሽጡት።

ተቅማጥ ለያዘው ልጅ አንድ ከረጢት ኦ.አር.ኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጠው ደጋግመው ያጠጡት፤ ከዚንክ ኪኒን ጋር። በጊዜው የተሰጠ ኦ.አር.ኤስ ስንቱን ልጅ ሆስፒታል ከመተኛት ያድነዋል።

የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ «ተሽሎኛል» ብለው አያቋርጡ። የወር መድኃኒት ዋጋና ሰውነት ሽባ ካደረገ በኋላ የሚመጣው ወጪ ለንጽጽርም አይቀርቡም።

መቆጠብ ማለት መዘግየት አይደለም

በመጨረሻ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ከላይ ያልነው ሁሉ «ገንዘብ ይቆጥባል» ተብሎ ሕመምተኛን ቤት ለማቆየት ሰበብ እንዳይሆን። መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ያንቀጠቀጠው፣ የደነዘዘ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ልጅ ካለዎት አይጠብቁ። ደም የሚፈሳት፣ የሚያንቀጠቅጣት ወይም ከብርቱ ራስ ምታት ጋር ዓይኗ የሚጋረድባት ነፍሰ ጡርም እንዲሁ። ያኔ ስለ ወረቀት ሳያስቡ በቅርብ ወዳለው ተቋም ይሩጡ። በጣም ውድ የሆነው ሕክምና ዘግይቶ የተጀመረው ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ ይህን መጽሔት ሲያጥፉ አንድ ነገር ያድርጉ። የመድን ካርድዎን ያውጡና ሦስት ነገር ይዩ፦ የሚያበቃበትን ቀን፣ የቤተሰቡን ስም፣ የሚታከሙበትን ጤና ጣቢያ። ካርድ ከሌለዎት የምዝገባውን ጊዜ ነገ ቀበሌ ሄደው ይጠይቁ። ማንበብ የማይችሉ ጎረቤት ካሉዎትም የእርሳቸውን ካርድ ያንብቡላቸው። ያን ጊዜ ፍየሏ በረቷ ውስጥ ትሰነብታለች።

በሌላ ርእስ እስክንገናኝ፣ አላህ ጤናውን ያብዛልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።