የድንቅነሽ ጉብኝትና የጓደኛዬ ሦስት ጥያቄዎች

ባለፈው ወር እኛ 46 የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች አዲስ አበባ ሄደን ብሔራዊ ሙዚየምን ጎብኝተን መጥተናል። ይህ በሰልፍ ላይ ስለተነገረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ያልተነገረው ግን ከሁለቱ ሴክሽኖች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ልጆች አለመሄዳቸው ነው። ለመኪና የተጠየቀው ብር ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነበር። ከቀሩት አንዱ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጠው ጓደኛዬ ነው። የጉዞው ዋዜማ ከደብተሩ ገጽ ቀዶ ሦስት ጥያቄ ጻፈና "በቃ አንቺ ጠይቂልኝ" ብሎ ሰጠኝ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለእሱና እንደሱ ለቀሩት ነው። የሄዳችሁም ብታነቡት አይከፋም፤ ምክንያቱም አንዳንዶቻችሁ ፎቶ ስትነሱ ነው ያለቀው።

መጀመሪያ ስለ ጉብኝቱ ራሱ ልንገራችሁ። በትምህርት ቤት ሆኖ ሙዚየም መሄድ ከቤተሰብ ጋር እንደመሄድ አይደለም። አስቀድሞ ደብዳቤ ተጽፎ ቀን ተይዞልናል። ከደብረ ብርሃን ሌሊት 11 ሰዓት ተነስተን፣ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን አምስት ኪሎ ደረስን። በር ላይ ተፈትሸን ከገባን በኋላ በሁለት ቡድን ተከፈልን፤ አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች ጀመረ። 46 ልጅ አንድ መስታወት ፊት ቢቆም ከኋላ ያለው የሚያየው የሰው ጀርባ ብቻ ነው። እኔ አጭር ስለሆንኩ ይሄን በደንብ አውቀዋለሁ። ላይ ላይ ያሉትን የነገሥታት ዕቃዎችና ሥዕሎች ሌላ ሰው ይጻፍላችሁ። እኔ የምነግራችሁ ስለ ምድር ቤቱ ነው፤ የጥንት ሰዎች ቅሪተ አካል ያለው እዚያ ነው።

የጓደኛዬ አንደኛ ጥያቄ "እውነተኛዋ ድንቅነሽ ናት ወይስ ፎርጅድ?" የሚል ነበር። ሳነበው ልጆቹ ሳቁ። አስጎብኚው ግን አልሳቁም፤ "ጎበዝ፣ ይሄን የሚጠይቅ ትንሽ ነው" አሉኝ። መልሱ ይሄ ነው፦ መስታወት ውስጥ የምትታየው ቅጂ ናት። እንዲያውም ሁለት ቅጂ አለ፤ አንዷ ተጋድማለች፣ አንዷ ቆማለች። ዋናው አጥንት ተቆልፎ በጥንቃቄ ይቀመጣል፤ የሚያዩትም ተመራማሪዎች ናቸው። ይህን ስንሰማ ከኋላችን "ታዲያ ምን ልናይ መጣን?" ያለ ልጅ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም ቅር ብሎኝ ነበር።

በኋላ ግን ነገሩ ገባኝ። ቅሪተ አካል አጥንት ቢመስልም ለረጅም ዘመን መሬት ውስጥ ተቀብሮ ማዕድን ስለገባበት ወደ ድንጋይነት ተቀይሯል። ሲወድቅ ይሰበራል፤ ከተሰበረ ደግሞ ሌላ የለም። ቅጂው የሚሠራው በአጥንቱ ላይ እንደ ጎማ የሚሆን ነገር ተለብጦ፣ ሲደርቅ ተላቆ፣ ባዶው ቅርጽ ውስጥ የሚጠነክር ፈሳሽ ተጨምሮ ነው። ስለዚህ በአጥንቱ ላይ ያለው ስንጥቅ ሁሉ ቅጂው ላይ ይወጣል። ፎርጅድ ማለት ሰው ለማታለል የተሠራ ነው፤ ይሄ ግን ለመማር የተሠራ ነው። ዋናዋ ድንቅነሽም ቢሆን ሁልጊዜ ተቆልፋ አልኖረችም። በ1999 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ አሜሪካ ሄዳ በ2005 ዓ.ም. ተመልሳለች። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ከሰላም ጋር ፕራግ ከተማ ሄዳ ለሕዝብ ታይታለች።

ሁለተኛው ጥያቄ እኔንም ያስጨነቀኝ ነው፦ "3.2 ሚሊዮን ዓመት ብሎ የቆጠረው ማነው?" ድንቅነሽ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር በሚባል ቦታ ነው። ያገኟት ዶናልድ ዮሐንሰን የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረባቸው ናቸው። እና አጥንቷ ላይ ዕድሜዋ አልተጻፈም! የሚለኩት አጥንቱን ሳይሆን አፈሩን ነው። መሶብ ውስጥ የተደራረበ እንጀራ አስቡ፤ ከታች ያለው መጀመሪያ የተጋገረው ነው። አፈርም እንደዚያው ነው። በሐዳር ከአፈሩ ድርብርብ መካከል ከእሳተ ገሞራ የወጣ አመድ አለ። አመዱ ውስጥ ፖታሲየም የሚባል ንጥረ ነገር ይገኛል፤ ከእሱ ጥቂቱ በጣም ቀስ እያለ አርገን ወደሚባል ጋዝ ይቀየራል። እሳተ ገሞራው ሲፈነዳ ግለቱ የድሮውን ጋዝ ያስወጣዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈጠረው ግን እዚያው ታሽጎ ይቀራል።

ይሄ ካልገባችሁ (ለእኔም በመጀመሪያ አልገባኝም) የሚንጠባጠብ ቧንቧ ሥር ባዶ ጀሪካን አስቀምጡ። በሰዓት ስንት እንደሚንጠባጠብ ካወቃችሁ፣ ጀሪካኑ ውስጥ ያለውን ውኃ አይታችሁ መቼ እንደተቀመጠ ማስላት ትችላላችሁ። ሳይንቲስቶቹም የታሸገውን አርገን ለክተው አመዱ መቼ እንደወደቀ ያሰላሉ። አጥንቱ ከየትኛው አመድ በላይ፣ ከየትኛው በታች እንደተገኘ ሲታወቅ ዕድሜው ይታወቃል። ሒሳብ ምን ይሠራልናል የምትሉ፣ ሰማችሁ?

ሦስተኛው ጥያቄ "በሁለት እግሯ መሄዷን ማን አይቶ ነው?" ይላል። ማንም አላየም፤ የተናገረው ጉልበቷ ነው። ቆማችሁ የራሳችሁን እግር ተመልከቱ። የጭናችን አጥንት ከዳሌ ተነስቶ ወደ ውስጥ ዘንበል እያለ ነው ጉልበት ላይ የሚደርሰው፤ ስለዚህ እግራችን ከሰውነታችን ሥር ይሆናል። ቺምፓንዚ ግን የጭኑ አጥንት ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ፣ በሁለት እግሩ ሲሄድ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። የድንቅነሽ ጉልበት እንደ እኛ ነው። የዳሌዋ አጥንትም አጭርና ሰፊ ነው፤ ይሄም ወደ እኛ ያደላል። ጭንቅላቷ ግን ትንሽ ነው፣ ወደ ቺምፓንዚ ይጠጋል። ማለትም ቅድመ አያቶቻችን መጀመሪያ ቆመው ሄዱ፣ ትልቅ አእምሮ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ተቃራኒው ነበር የሚመስለኝ።

ቁመቷ 1.1 ሜትር ገደማ ነው። "ታዲያ ሕፃን ብትሆንስ?" ብዬ ይሄኛውን ራሴ ጨምሬ ጠየቅኩ። አስጎብኚው ጥርሷን አሳዩኝ። ከሁሉም ኋላ የሚወጣው መንጋጋ ጥርሷ ወጥቷል፤ ስለዚህ አድጋ የጨረሰች ናት። ሕፃኗ ሰላም ናት። የሰላምን ቅሪተ አካል ያገኘው በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን ነው፤ በ1993 ዓ.ም. ዲኪካ ውስጥ። ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ ይሆናታል። አጥንቷ ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ ስለነበር ያንን ፈልፍሎ ለማውጣት ዓመታት ፈጅቷል። ሰዎች "የሉሲ ልጅ" ይሏታል፤ ግን የኖረችው ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ስለሆነ ከእናቷ ትበልጣለች ማለት ነው!

በ2015 ዓ.ም. ወደተከፈተው ሳይንስ ሙዚየም እንሄዳለን ተብሎ ነበር፤ ሰዓት ስለሄደ አልተሳካም። ምሳ ላይ ብዙ ስለቆየን ነው። በሚቀጥለው ምሳ ይዘን ብንሄድ ይሻላል።

አሁን ለመምህራኖቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ። ዘንድሮ ብሩ የተጠየቀው ጉዞው ሁለት ሳምንት ሲቀረው በአንድ ጊዜ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ከመስከረም ጀምሮ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እያልን ብናጠራቅም፣ ሚኒ ሚዲያችንም በወላጆች ቀን ትርዒት አሳይቶ ቢጨምርበት፣ የሚቀረው ልጅ ይቀንሳል ብዬ አስባለሁ። ጓደኛዬ ሒሳቡን ሠርቶታል፤ ወረቀቱ እኔ ጋ አለ፣ ማየት ለሚፈልግ እሰጣለሁ።

እስከዚያው ድረስ ከአጠቃላይ ሳይንስ መምህራችን ጋር በ1ኛ ክፍል በር አጠገብ ግድግዳው ላይ 1.1 ሜትር ለክተን በጠመኔ አስምረናል። የድንቅነሽ ቁመት እዚያ ድረስ ነው። ሄዳችሁ ተለኩ፤ የ1ኛ ክፍል ልጆች አናት እዚያው አካባቢ ነው። ብቻ እንዳታጠፉት።