በአንዲስ ተራሮች ስለሚደረገው የአጭር ጊዜ ጉብኝትና ስለ ንግዱ አያያዝ

ዕቃውን የሸጠ ነጋዴ መጋዘኑ ሲጎድልበት ሌላ ዕቃ ያስመጣል። ነገር ግን የጥንት ሕንፃን ለእንግዳ በማሳየት የሚነግድ አገር፥ ገበያው በደራ ቁጥር ሸቀጡ ቢያልቅበት ከየት አምጥቶ ይተካል? ይህን ጥያቄ ለመረዳት በደቡብ አሜሪካ በፔሩ አገር የሚካሄደውን ጉብኝት መመልከት ይጠቅማል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጉዞው መነሻ የኢንካዎች መናገሻ የነበረችው ኩስኮ ናት። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 3,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፥ ከቆላ የመጣ እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ራስ ምታትና የትንፋሽ ማጠር ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቁ አስጎብኚዎች ብዙውን ጊዜ እንግዳቸውን አስቀድመው ዝቅ ወዳለው ወደ ኡሩባምባ ወንዝ ሸለቆ ይወስዱታል።

በዚህ ሸለቆና በዙሪያው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ብዙ ነገር ይታያል። በፒሳክ ኢንካዎች በተራራው ወገብ ላይ የሠሩት እርከንና የእጅ ሥራ ገበያ አለ። በማራስ ደግሞ ጨዋማ የምንጭ ውሃ በብዙ ትናንሽ ገንዳዎች ተከፋፍሎ በፀሐይ ይደርቃል፤ ጨዉን የሚያመርቱትም የአካባቢው ቤተ ሰቦች ናቸው። ለኩስኮና ለአካባቢዋ 16 ሥፍራዎች የሚያገለግል አንድ የጋራ ቲኬት አለ፤ ይኸውም ለ10 ቀን ይሠራል። ጊዜ ለሌለው እንግዳ ከፊሉን ብቻ የሚያሳይ አነስተኛ ቲኬት ይሸጥለታል። እንግዳውም አንድ ዝነኛ ሥፍራ ብቻ አይቶ ከመመለስ ይልቅ ወደ ሌሎቹም እንዲሄድ ይገፋፋዋል።

ማቹ ፒቹ ግን የራሱ ቲኬት አለው። ይህ በ15ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ከተማ የሚገኘው በ2,430 ሜትር ላይ ሲሆን፥ ከፍታው ከአዲስ አበባ እምብዛም አይለይም። አሜሪካዊው ሂራም ቢንግሃም በ1911 ለዓለም ሲያስተዋውቀው የአካባቢው ገበሬዎች በእርከኖቹ ላይ ያርሱ ነበር። ፍርስራሹንና ዙሪያውን ያለውን ደን የሚያጠቃልለው 32,592 ሄክታር መሬት በ1981 ጥብቅ ክልል ሆነ፤ በ1983ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። በደኑ ውስጥ ልዩ ልዩ የኦርኪድ አበባዎችና በዓይኑ ዙሪያ መነጽር የመሰለ ምልክት ያለበት ድብ ይገኛሉ።

እንግዳ ሲበዛ ግን መሬቱ ይረገጣል፤ ድንጋዩም ይላላል። ስለዚህ መንግሥት የሽያጩን ልክ ወሰነ። ወደ ማቹ ፒቹ የሚገባ ሰው ሰዓቱና የሚሄድበት መንገድ በቲኬቱ ላይ ይጻፍለታል። በጥንቱ የኢንካ የእግር መንገድ በቀን እንዲነሡ የተፈቀደው 500 ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፥ መሪዎችና ተሸካሚዎችም በዚሁ ቁጥር ውስጥ ይታሰባሉ። በየዓመቱ በየካቲት ወር መንገዱ ለጥገና ይዘጋል። ስለ ተሸካሚዎችም በ2001 ሕግ ወጥቶ፥ ሸክማቸው ከ20 ኪሎ እንዳይበልጥ ተወሰነ።

ይሁን እንጂ ንግዱ ከጉዳት ነጻ አይደለም። ከማቹ ፒቹ ሥር ወዳለችው ከተማ ከኩስኮ በቀጥታ የሚያደርስ የመኪና መንገድ ስለሌለ፥ አብዛኛው እንግዳ የሚጓዘው በባቡር ነው። በጥር ወር 2010 ጎርፍና የመሬት መንሸራተት ሐዲዱን በቆረጠው ጊዜ ብዙ መንገደኞች በሄሊኮፕተር ወጡ፤ ጉብኝቱም እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ተቋረጠ። ኑሮአቸው በእንግዳ ላይ የተመሠረተ ባለ ሆቴሎችና ባለ ሱቆች ይህን ያህል ጊዜ ያለ ገበያ ቆዩ። መተላለፊያው አንድ ብቻ የሆነ ንግድ፥ መተላለፊያው በተዘጋ ቀን አብሮ ይዘጋል።

የእኛም አገር የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትና የሰሜን ተራሮች በ1978 በዚያው መዝገብ ስለ ገቡ፥ ነገሩ ነጋዴዎቻችንን በቅርብ የሚመለከት ነው። በኩስኮ አጠገብ ያለው የሳክሳይዋማን ምሽግ ድንጋይ በስፔናውያን ዘመን ለቤት መሥሪያ እየተፈለጠ ተወስዶ፥ ዛሬ የሚታየው ቅሪቱ ብቻ ነው። ትርፉን የበላ ነጋዴ ለከርሞ ይነግዳል፤ ዋናውን የበላ ግን ሱቁን ይዘጋል። ቅርስም ለሚነግድበት ሁሉ ዋና ገንዘብ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።