ለጥምቀት አገር ቤት ለምትሄዱ፦ ስለ ወባ

ትናንት ክሊኒካችን የመጣች አንዲት እናት ስልኳን አውጥታ የድምፅ መልእክት አሰማችኝ፤ «አዲስ አበባ በወባ ተጥለቅልቃለች፣ ልጆቻችሁን እንዳታመጡ» ይላል። ትኬቷን ልትመልስ ነበር። እህቴ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ቅዝቃዜው የወባ ተውሳኩ በትንኟ ሆድ ውስጥ በቶሎ እንዳያድግ ያደርጋል። ከተማው ውስጥ የመያዝ ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላኛው ወሬ ነው፦ «እኛ እዚያ ተወልደን ወባ አይይዘንም»። ይይዛል! ለዓመታት ውጭ የኖረ ሰው የነበረውን የመቋቋም አቅም ያጣል፤ እዚህ ውጭ አገር የተወለዱት ልጆችማ ከነጭራሹ የላቸውም።

ባሕር ዳር ወይም አርባ ምንጭ የምትደርሱ ከሆነ የወባ መከላከያ ክኒኑን ሳትሄዱ ጀምሩ፤ ስትመለሱም እስከታዘዘላችሁ ቀን ድረስ ውሰዱት። አጎበር አይቅር። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከያዛችሁ፣ ወራት ቢያልፉም፣ በዚያው ቀን ደማችሁን ተመርመሩ፤ ለሐኪሙም «ኢትዮጵያ ነበርኩ» በሉት።